ዝምድና፦ የለኝም

«ሳሙና አልቋል በይው» አለ ታላቅየው ሻዩን እያማሰለ። በይው የተባለው ሰውዬ ሌላ ከተማ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ክርን ለክርን ሊነካኩ ትንሽ ሲቀራቸው፣ ዳቦ እየቆረሰ ነበር። እናትየው አንገቷን ወደ ታናሹ አዞረችና «ሳሙና አልቋል ይልሃል» አለች። ታናሹም «ማታ ይዤ እመጣለሁ በይው» አለ። አንገቷን መልሳ አዞረች፤ «ይዞ ይመጣል» አለች። በዚያ ቤት ወሬ የሚሄደው እንደዚህ ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሴትዮዋ አንገቷን ባመማት ቁጥር ጎረቤት «ብርድ መቶሽ ነው» ይላታል። ብርድ አይደለም፣ ልጆቿ ናቸው።

የተጣሉት በመስኮት ነው። ቀልዴን አይደለም። ቤቱ ሁለት መኝታ ክፍል አለው፤ አንዱ መስኮት አለው፣ አንዱ የለውም፤ እናትየው ሳሎን ነው የምትተኛው። ታላቅየው ትዳሩ ፈርሶ ሁለት ሻንጣና አንድ ከረጢት ሙሉ ኳስ ይዞ ሲመለስ፣ ታናሹ አስራ አንድ ዓመት የተኛበትን ባለ መስኮት ክፍል «ለታላቅህ ልቀቅለት» ተባለ። ይለቅ ነበር። ለወንድም ጋሼ እንኳን መስኮት ግድግዳውንም ነቅሎ ይሰጥ ነበር። ችግሩ ታላቅየው አልጋውን እየገፋ ሳለ ጣል ያደረጋት ነገር ናት፤ «ፊሽካ ነፍቶ ለሚኖር ሰው መስኮት ምን ያደርግለታል?» ምናልባት ሲቀልድ ነው። ምናልባት በዚያ ሳምንት ቤትም ሚስትም ያጣ ሰው አፉ የሚያወጣውን አያውቅም ነበር። ታናሹ ግን ያቺን ቃል ይዞ መስኮት አልባው ክፍል ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ አለቀ። ታላቅየው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነው። ታናሹ በትምህርት ቤቶቹ ውድድር ዳኛ ነው፤ እኛም ዳኛው እያልን እንቀጥላለን። ቤት ውስጥ ግን ዳኛው የሚለው የለም። ድንቡሼ ነው ስሙ። ሲወለድ ጉንጩ ዓይኑን እስኪሸፍነው ወፍራም ነበር አሉ። አሁን የመጥረጊያ እንጨት አክሏል፤ ስሙ ግን አልከሳም። እናቱ እስከዛሬ ትለዋለች፣ ወንድሙም ድሮ ይለው ነበር፣ ከነሱ ሌላ ያቺን ስም የሚያውቃት ፍጡር የለም። እሱም እንዳትታወቅበት ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ቁስል ደብቋት ነው የኖረው።

ያን ዕለት ታዲያ፣ ከሳሙናው ወሬ በፊት፣ ዳኛው ገና አልጋው ላይ እንዳለ በችፑዱ ግድግዳ በኩል ድምጽ ሰማ። ግድግዳ ከምንለው መጋረጃ ብንለው ይሻላል፤ ወዲያ ማዶ ሰው ካልሲ ሲያወልቅ ይሰማል። ታላቅየው ለእናቱ ደብዳቤ እያነበበላት ነበር። መነጽር አላት፣ ዳኛው ራሱ ከሚሠራበት ሱቅ ያሠራላት፣ ግን እንዳያልቅባት ብላ ለበዓል ነው የምታደርገው። ደብዳቤው ከትምህርት ቤቱ ነው። «በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ በዳኛ ውሳኔ ከሜዳ የተባረሩ ስለሆነ፣ ለሶስተኛ ጊዜ ቢባረሩ ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ውልዎ ይቋረጣል» ይላል።

«ሁለት ጊዜ ምን አርገህ ነው?» አለች እናትየው።

«የመጀመሪያው ልክ ናቸው፣ ወንበር ወርውሬያለሁ። ሁለተኛው ግን ልጁ አፍንጫው ደም ያፈሳል፣ የዚያን ቀኑ ዳኛ ተጫወት ይላል። ምን ላድርግ? ሜዳ ገብቼ ልጁን ይዤ ወጣሁ።»

«ለሱም ተባረርክ?»

«ለሱም።»

ከዚያ ታላቅየው ዳኛው ሰምቶት በማያውቀው ድምጽ፣ ጩኸት በሌለው ድምጽ፣ «አምሳ አንድ ዓመቴ ነው እማ። ከዚህ ከወጣሁ ማነው የሚቀጥረኝ?» አላት። እሷ ምን እንዳለች አልተሰማም። ዳኛው ጣራ ጣራውን እያየ ቆየና፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። ከዚያ ነው የሳሙናው ወሬ የመጣው።

ዳኛው ቀን ቀን መነጽር ቤት ነው የሚሠራው። ሳቁ፣ ሁሉም ይስቃል። በየሜዳው ደጋፊው ሁሉ «መነጽር ግዛ!» እያለ የሚጮህበት ሰውዬ በቀን አርባ መነጽር ሲጠርግ ነው የሚውለው። ሱቁ ሶስት ሰው ከገባበት አራተኛው በር ላይ ይቆማል፤ ግድግዳው በሙሉ ፍሬም ነው፣ ከስድስት መቶ እስከ አራት ሺህ፣ ውዱ ከላይ፣ ርካሹ ከታች፣ ስለዚህ ድሃው እየጎነበሰ ነው የሚመርጠው። ያን ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ ባለፈው ሳምንት የወሰዱትን መነጽር ሊመልሱ መጡ። «ይሄ መስታወት ልክ አይደለም» አሉ። «ምኑ ነው አባቴ?» ቢላቸው «ሚስቴን አስረጀብኝ» አሉት። ባለሱቋ ሳቋን ለመደበቅ ጠረጴዛ ስር የወደቀ ነገር የምትፈልግ መሰለች። ዳኛው ግን አልሳቀም፣ አልተከራከረምም፤ መነጽሩን ተቀበለና ጠርጎ ጠርጎ መልሶ ዓይናቸው ላይ አደረገላቸው። «አሁንስ?» ሲል «አሁን ይሻላል» ብለው ሄዱ። እንዲህ ያለውን ነገር የተማረው ከሜዳ ነው። የሚጮህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው እንዲስተካከልለት ሳይሆን እንዲነካለት ነው።

ወደ አምስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። መዳቢው ነው፣ ዳኛ ለየጨዋታው የሚመድበው ሰውዬ። «ስማ፣ ላይኛው ምድብ ላይ አንድ ዳኛ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ቀረብኝ። ዛሬ በአስር ሰዓት አንተ ግባልኝ። ጄኔሬተሩና ስኳር ናቸው የሚገናኙት።» ስኳር በጣፋጭ አፉ የሚታወቀው የሌላው ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ነው፤ ጄኔሬተር ማለት ደግሞ ታላቅየው ነው። አዳራሹ ውስጥ ድምጽ ማጉያ አያስፈልግም ለማለት ነው እንደዚያ የሚሉት። ዳኛው እስከዚያ ቀን ታችኛውን ምድብ ብቻ ስለሚያጫውት ከወንድሙ ጋር ሜዳ ላይ ተገናኝቶ አያውቅም። መዳቢው ቀጠለ፤ «አንተን የመረጥኩህ እኮ ወረቀትህ ንጹህ ስለሆነ ነው። ሌላው ሁሉ አጎቴ፣ ባለቤቴ፣ የክርስትና ልጄ እያለ ሰው አሳጣኝ።»

ወረቀቱ እንግዲህ ይሄ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ዳኛ ሁሉ ቅጽ ይሞላል። «በውድድሩ ከሚሳተፉ አሰልጣኞች ጋር ዝምድና አለዎት?» ይላል ሦስተኛው መስመር። ከስሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፣ በሐሰት የሞላ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ተጽፏል። ሁለቱ በእናት እንጂ በአባት ስለማይገናኙ በወረቀት ላይ ስማቸው አይመሳሰልም፤ የሚያጣራም የለም። ዳኛው ያን ቀን እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ፣ መስኮቱ ትዝ አለው፣ «የለኝም» ብሎ ጻፈ። ሊያጭበረብር አልነበረም። «ወንድሜ ነው» የምትለዋን ቃል ከእጁ ማውጣት ስላቃተው ብቻ ነው። አሁን በስልክ ላይ ያቺኑ ሁለት ቃል ቢናገር ይገላገል ነበር። ግን ሁለት ዓመት ያልወጣች ቃል ናት፣ ባለሱቋም አጠገቡ ቆማ ሂሳብ እያሰላች ነው፣ ፈቃዱም አለ። «እሺ፣ እመጣለሁ» አለ።

አዳራሹ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ጨዋታ የለም፣ አንድ ጥግ ላይ ሁልጊዜ ባልዲ ይቀመጣል። ወለሉ ላይ የተሰመረው መስመር ስለጠፋ በነጭ ፕላስተር ነው የሚያሰምሩት። ጠረጴዛው ላይ ውጤት የሚመዘግቡት ጋሽ ፊሽካ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ዳኝተው ጉልበታቸው ሲያስቸግራቸው ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ ዳኛውንም ከሀ ጀምሮ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ስለ ተጫዋች ብዙ አላስተማሩትም። ስለ አሰልጣኝ ነው ያስተማሩት። «አሰልጣኝ ማለት» ይሉ ነበር «እጁ ኳስ መንካት የተከለከለ ሰው ነው፣ ስለዚህ በአፉ ይጫወታል። የመጀመሪያው ጩኸት የልጆቹ ነው፣ አንተን አይመለከትም፣ እለፈው። ሁለተኛው የወላጆቹ ነው፣ እንዲሰሙለት ነው፣ መዳፍህን አሳየው። ሶስተኛው ያንተ ነው፣ ጠጋ ብለህ በለሆሳስ በቃ በለው። አራተኛው ከሆነ ፊሽካህን ንፋ። ሌላው ደግሞ፣ ሲጮህ አትመልስ። ሲጠይቅህ ግን መልስ። ጥያቄ ያቀረበ ሰው መልስ ይገባዋል፣ ጠላትህም ቢሆን።» ዳኛው ይቺን ትምህርት እንደ ጸሎት ይዟት ቤቱ ድረስ ወስዷታል። እናቱ «ጣራው ያፈሳል» ብትል አይመልስም፣ ጥያቄ አይደለማ። «ጣራው ያፈሳል፣ ምን ይሻላል?» ካለችው ግን መሰላል ይዞ ይወጣል። እሷም ነገሩ ስለገባት አሁን አሁን ሁሉን ነገር ጥያቄ አርጋ ነው የምትናገረው።

ከጨዋታው በፊት ዳኞች የሁለቱንም ቡድን አሰልጣኞች ይጨብጣሉ፤ ግዴታ ነው። ስኳር በሁለት እጁ ጨበጠው። የተላጨ፣ የተቀባ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰውዬ ነው፤ «ጌታዬ፣ እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ ሁሉ ደህና? አንተ ነህ ስል ደስ አለኝ፣ ዛሬ ጨዋታ እናያለን ማለት ነው» አለው። ከዚያ ታላቅየው መጣ። ዳኛውን ሲያይ እግሩ ለቅጽበት ያህል ቆም አለ፣ ግን መጣ። እጁን ዘረጋ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ እየተቀባበሉ ያልተነካካ እጅ ነው። ሻካራ ነበር፣ ሞቃት ነበር። «አሰልጣኝ» አለ ዳኛው። «ዳኛ» አለ ታላቅየው። በቃ። ረዳቷ ዳኛ፣ ገና በዚህ ዓመት ፈቃድ ያገኘች ልጅ፣ አጠገባቸው ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ምንም አላወቀችም።

ጨዋታው ሲጀመር ጄኔሬተሩ ተነሳ። «ዳኛ! እጁን ነው የመታው! ዳኛ! ወይ ጉድ! አይንህ ነው ወይስ ልብህ!» ዳኛው የመጀመሪያውን አለፈው። ሁለተኛውንም አለፈው። ሶስተኛውንም፣ አራተኛውንም አለፈው። ከልጆች መቀመጫ በኩል «መነጽር ግዛ!» የሚለው መዝሙር ተጀመረ፣ ባለ መነጽሩ ሳይቀር ይጮሃል። በሁለተኛው ሩብ መሃል ታላቅየው አጠገቡ የነበረውን የውሃ ጀሪካን በእርግጫ መታው፤ ውሃው እስከ መሃል ሜዳ ድረስ ፈሰሰ፣ አንድ ልጅ ተንሸራቶ በቂጡ ተቀመጠ። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ነበር። የነፋችው ረዳቷ ናት። አንዱን መዳፏን በሌላው ላይ አቁማ ቴክኒካል ፋውል፣ የጸባይ ቅጣት ማለት ነው፣ አሳየች፤ አንድ። ሁለት ከሆነ አሰልጣኙ ይባረራል። ታላቅየው ፎጣ አነሳና አፉ ላይ ያዘው።

በዕረፍት ሰዓት ስኳር ወደ ዳኛው ጠጋ አለ። ስኳር ጮሆ አያውቅም፣ ለዚህ ነው ጋሽ ፊሽካ «የሚጮኸውን አይደለም የምትፈራው» ይሉ የነበረው፤ ዳኛው ግን ያን ቀን ትዝ አላለውም። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ስለምወድህ ነው» አለ ስኳር ፎጣውን እያጠፈ። «ይቺ ትንሿ ልጅ እንኳን አልፈራችውም። አንተን ግን ሰዉ እየታዘበህ ነው። ምን ነካው፣ ሰውየውን ይፈራዋል እንዴ፣ ዘመዱ ነው እንዴ እያሉ ነው። እኔ እንደዚህ አላምንም። ብቻ ስምህ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።» ዘመዱ ነው እንዴ ያላትን ስኳር እንዲያው ለወሬ ነው ያላት፣ የሚያውቀው ነገር የለም። ዳኛው ግን ጆሮው ጋለ። ቅጹ፣ ሦስተኛው መስመር፣ ትንንሾቹ ፊደሎች ሁሉ ዓይኑ ስር መጡበት። «ሁሉንም እኩል ነው የማየው» አለ። «አውቃለሁ ጌታዬ፣ አውቃለሁ» አለ ስኳር።

ከዕረፍት በኋላ ታላቅየው ተቀመጠ። አዳራሹ ውስጥ እንዲህ ሲቀመጥ ያየው ሰው የለም። ሁለት እጁን ጭኑ ስር ከቶ፣ በላያቸው ተቀምጦ፣ ፎጣ በጥርሱ ነክሶ፣ ሰውነቱ በሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አጥፍተውት ሊቆም እምቢ ያለ ሞተር ነው የሚመስለው። አንድም ቃል አልወጣውም። ልጆቹ ደግሞ ለዓመታት በዚያ ጩኸት እየተመሩ ስለኖሩ፣ ጩኸቱ ሲጠፋባቸው መንገድ እንደጠፋበት ሰው በየአቅጣጫው ዞር ዞር እያሉ ወንበሩን ያያሉ። በስምንት ይመሩ የነበሩት በሁለት ተመሩ። ዳኛው ሳይወድ በግዱ ወደ ወንበሩ ያያል። የወንድሙን ጩኸት ሲሸሽ ኖሮ አሁን ዝምታው የባሰ ከበደው። ጠዋት በግድግዳው የሰማው ያ ድምጽ፣ አምሳ አንድ ዓመቴ ነው ያለው፣ አሁን እዚያ ወንበር ላይ ፎጣ ነክሶ ተቀምጧል። ሆኖም አጠራጣሪ ኳስ በመጣ ቁጥር፣ እጁ ወደ ስኳር ቡድን ነው የሚያመለክተው። አስቦበት አይደለም። ዘመዱ ነው እንዳይባል ነው።

ሠላሳ ሁለት ሰከንድ ሲቀር የታላቅየው ቡድን በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባላችሁ። አይመራም፤ በአንድ ነጥብ ተበልጧል። ሰባት ቁጥር የለበሰ አጭር ልጅ ኳሷን ይዞ እንደ ጥይት ገባ። ከፊቱ የስኳር ረዥሙ ልጅ አለ። ተጋጩ፣ ሁለቱም ወደቁ፣ ኳሷ ቅርጫቱ ላይ ሁለቴ ዞራ ገባች። እንግዲህ ሁሉም ነገር በረዥሙ ልጅ እግር ላይ ነው፤ እግሩን ተክሎ ቆሞ ከነበረ ጥፋቱ የሰባት ቁጥር ነው፣ ነጥቡም ይሰረዛል፤ እየተንቀሳቀሰ ከነበረ ነጥቡ ይጸድቃል፣ ጨዋታውም ተገለበጠ ማለት ነው። ዳኛው አላየም። የሌላ ተጫዋች ጀርባ ጋርዶት ነበር። ያየው ሁለት ሰው ሲወድቅ ብቻ ነው። ረዳቷ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነበረች። ፊሽካው ግን ጮኋል፣ አዳራሹ በሙሉ እጁን እየጠበቀ ነው። እጁም ተነሳና ሰባት ቁጥርን አመለከተ። ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ነጥብ የለም።

ጣራው የሚገነጠል መሰለ። ወላጅ ተነሳ፣ ልጅ ተነሳ፣ ጫማ ተወረወረ። ሁሉም ወደ ጄኔሬተሩ ዞረው ፍንዳታውን ይጠብቃሉ። ታላቅየው ፎጣውን ከአፉ አወጣ። ተነሳ። ቀስ ብሎ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ ሰው፣ በፕላስተር እስከተሰመረችው የአሰልጣኝ መስመር ድረስ መጣና የጫማው ጫፍ መስመሯን ሲነካ ቆመ። ከዚያች ማለፍ አይፈቀድም። ከዚያች ሆኖ እንዲሰማ ከፈለገ ደግሞ መጮህ አለበት፣ አዳራሹ እየተናጠ ነዋ። መጮህ አልፈለገም። ላለመጮህ ብሎ መስመሯን አለፈ። ሁለት እርምጃ። ዳኛው ፊት ቆመ፣ ጎንበስ አለና፣ ሁለት ዓመት ከተዘጋ በር ጀርባ ያለን ሰው እንደሚያናግር፣ በለሆሳስ፦

«ድንቡሼ… እውነት እግሩን አይተኸዋል?»

ጥያቄ ነው። ጥያቄ ይመለሳል። «አላየሁም» ማለት ነበር፤ ረዳቷን ጠርቶ መማከር ይቻል ነበር፣ ደንቡም ይፈቅዳል። ዳኛው ግን ጥያቄውን አልሰማም፣ ያቺን ስም ብቻ ነው የሰማው። ከጠረጴዛው ጋሽ ፊሽካ ቀና አሉ። ከወንበሩ ጫፍ አንድ ልጅ «ምን አለው? ድንቡሼ?» ብሎ ፈነዳ፣ አጠገቡ ያለውም ሳቀ። ስኳር አንገቱን አዘንብሎ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ያያል፣ እንደሚደምር ሰው። ድንቡሼ ብሎ የሚጠራ ሰው ማነው? ከቤት ሰው ሌላ ማን ነው? ዳኛው ፊቱ ነደደ። ወንድሙ አሁንም ጎንበስ እንዳለ ነው፣ ዓይኑ እንደ ልጅ መልስ ይጠብቃል። ፊሽካው ጮኸ። ዳኛው የራሱን ሁለት መዳፍ አየ፣ አንዱ በሌላው ላይ ቆሟል፤ ሁለት።

ታላቅየው አልጮኸም። ያልጠበቁት ይሄን ነው። መዳፎቹን አየ፣ ቀና ብሎ ዳኛውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ የሆነ ነገር እንደገባው ሰው። የጨዋታ ስልት የሚስልበትን ትንሿን ሰሌዳ ለአምበሉ ሰጠ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠመጠመ፣ የኳሱን ከረጢት ሊያነሳ እጁን ሰደደና ተወው፣ የትምህርት ቤቱ ነው። በባልዲው በኩል ዞሮ ወጣ። ልጆቹ በአምስት ተሸነፉ። ስኳር ዳኛውን በሁለት እጁ ጨብጦ «ይሄ ነው ዳኝነት፣ ጌታዬ» አለው።

ሪፖርቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚጻፈው፣ አዳራሹ እየተጠረገ። ሶስት ቅጂ ነው፤ አንዱ ለውድድር ክፍሉ፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለዳኛው፤ በመሃላቸው ካርቦን ስላለ እስክሪብቶውን ጫን ማለት ያስፈልጋል። «አሰልጣኙ የተናገሩት ቃል (እንዳለ ይጻፍ)» ይላል። ዳኛው እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። ጋሽ ፊሽካ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀታቸውን ይሰበስባሉ።

«ድንቡሼ ነው ያለህ፣ አይደለም?» አሉት ሳያዩት።

«አዎ።»

«ምንድነው እሱ? ስድብ ነው?»

ዳኛው እስክሪብቶውን አየ። «እኛ ሰፈር ስድብ ነው» አለ።

«እኛ ሰፈር እንኳን ሕጻን ነው እንደዚያ የምንለው» አሉ ጋሽ ፊሽካ። ደግሞም «ከሱ ቀጥሎ የሆነ ነገር የጠየቀህ መሰለኝ» አሉት። ዳኛው ካርቦኑን አስተካከለ። «እንግዲህ» አሉ ጋሽ ፊሽካ እየተነሱ፣ ጉልበታቸው ቋ ብሎ፣ «የሰማኸውን ጻፍ። እኔ ጆሮዬ ደክሟል።» ሄዱ። ዳኛው ጫን ብሎ ጻፈ፦ መስመር አልፎ በመግባት ዋናውን ዳኛ «ድንቡሼ» ብሎ ሰደበ። ወደ ሶስቱም ቅጂ እኩል ዘለቀ። እናቱ ያወጣችለት ስም ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ሰፈረ። የራሱን ቅጂ አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ወደ ቤት ሲመለስ ሱቅ ገባና ሳሙና ገዛ። ካለፈው ሳምንት በአምስት ጨምሯል፤ ባለሱቁ «ምን ላድርግ፣ እኔም እንደዚሁ ነው የሚጨምሩብኝ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። በየመንገዱ መብራት እየበራ ነበር። ደረጃውን ሲወጣ ቀስ ብሎ ነው የወጣው፣ እየቆጠረ፣ ሃያ ሁለት ነው፣ ሁልጊዜም ሃያ ሁለት ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሾርባ ቀርቧል። ታላቅየው ቦታው ላይ ተቀምጧል፣ ፎጣው አሁንም አንገቱ ላይ ነው፣ ማንኪያውን ይዟል እንጂ አይበላም። እናትየው መነጽሯን አድርጋለች። ለበዓል ነው ብያችሁ ነበር፤ ዛሬ ያደረገችው የልጇን ፊት ለማየት ነው። ዳኛው ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ ክርን ለክርን። ሳሙናውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠው።

«ማን ይሆን ግን?» አለች እናትየው፣ ከቅድም የጀመሩት ወሬ ነው። «ምን አርገኸው ነው? ስም የለውም እንዴ ያባረረህ ሰውዬ?»

«አንድ ዳኛ ነው» አለ ታላቅየው ሾርባውን እያየ። «አላውቀውም።»

እናትየው አንገቷን ወደ ታናሹ አዞረች። በመነጽሩ ውስጥ ዓይኗ በጣም ትልቅ ነው። «ድንቡሼ፣ አንተስ? እዚያው ስትዞሩ የምትውሉ አይደላችሁ? ታውቀው ይሆን?»

ጥያቄ ነው። ዳኛው አፉን ከፈተ። ደረት ኪሱ ውስጥ ወረቀቷ ተንኮሻኮሸች፣ ወይም እሱ ነው የመሰለው።

«እሱ የታችኛው ምድብ ነው» አለ ታላቅየው ፈጠን ብሎ። «ከየት ያውቀዋል? ተይው፣ ይብላ።»

በሉ። ማለት እናትየው በላች። ማንኪያዋ ሳህኑን ሲነካ ይሰማል፣ ጣራው ላይ ድመት ሲያልፍ ይሰማል። ቆየችና ሳሙናውን አየችው፣ አንስታ አሸተተችው፣ ወደ ታላቁ ዞራ «ሳሙናውን እኮ አምጥቷል» አለችው፣ ትንሽ ነገርም ቢሆን ደስ እንዲለው።

ታላቅየው ማንኪያውን አስቀመጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጨው አቀብለኝ በይው፣ በሩን ዝጋ በይው፣ ሬዲዮውን ቀንስ በይው ሲል የኖረ ሰውዬ፣ ይሄን ብሎ አያውቅም።

«አመሰግናለሁ በይው» አለ።

እናትየው አንገቷን አዞረች፤ አመማት መሰለኝ፣ በእጇ ደገፍ አደረገችው። «ድንቡሼ» አለች «አመሰግናለሁ ይልሃል።»

ጥያቄ አልነበረም። ዳኛው ዝም አለ።